አፄ ምኒልክ፦ ከእንዳ ኢየሱስ ከበባ እስከ አራቱ የዝምታ ዓመታት

መቐለ ውስጥ እንዳ ኢየሱስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ነው። በጥር 1888 ዓ.ም ግን ቦታው የጣሊያን ምሽግ ነበር። ሻለቃ ጋሊያኖ የሚባል መኮንን ከነወታደሮቹ ውስጥ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ደግሞ ከነሠራዊታቸው ዙሪያውን ከበውታል። ምሽጉን በጉልበት መስበር ብዙ ሰው አስጨረሰ። ከዚያ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ከምሽጉ ውጪ ያለው የውሃ ምንጭ ተያዘ። ጣሊያኖቹ በጥም ተሸነፉ፤ ምኒልክም መሣሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የካቲት 23፣ ዓድዋ ሆነ።

ስለ ምኒልክ ፖለቲካ እዚህ ከተማ ብዙ ክርክር አለ፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ሰው ጭንቅላት ነው። ያን ሁሉ ጦር፣ ስንቅ፣ መልእክተኛና ድርድር በአንድ ጊዜ ይመራ የነበረ አእምሮ፣ ከ14 ዓመት በኋላ ሐሳቡን በቃል መግለጽ አቃተው። ለምን?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም አንጎለላ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ሳህለ ማርያም ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ልጁን መቅደላ ወሰዱት፤ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1857 ዓ.ም አመለጠ። ተመልሶ የሸዋ ንጉሥ ሆነ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ሰውዬው አዲስ ነገር ይወዱ ነበር። ስልክ አስገቡ፣ ባቡር አስጀመሩ፣ ባንክ አስከፈቱ። በ1900 ዓ.ም መኪና ሲመጣ ራሳቸው ተሳፍረው ሞከሩት። በዘመናችን ቢኖሩ ስልካቸው ላይ አፕ የሚሞላ ዓይነት ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል።

ታዲያ በ1898 እና በ1899 ዓ.ም ገደማ ጤናቸው መናጋት ጀመረ። ከዚያው ጊዜ ጋር የሚወዷቸው የአክስታቸው ልጅ ራስ መኮንን ሞቱ፤ ሐዘኑ ከባድ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች የሚገልጹት ተደጋጋሚ ስትሮክ ነው። ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሲዘጋ ወይም የደም ሥር ሲፈነዳ የሚመጣ ጉዳት ነው። እያንዳንዱ ስትሮክ ከአንጎል ትንሽ ትንሽ ቆርሶ ይሄዳል። አንዴ እጅ፣ አንዴ እግር፣ አንዴ ንግግር፣ አንዴ ማሰብና ማስታወስ።

ወሬው በፍጥነት ነው ውጭ የደረሰው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ምኒልክ ቢሞቱ ምን እናድርግ ብለው በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም ለንደን ላይ ስምምነት ተፈራረሙ። ምኒልክም ዝም ብለው አልጠበቁም። በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በ1901 ዓ.ም የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ማሰብ እየቻሉ፣ ከመርፈዱ በፊት፣ ነገራቸውን አስተካከሉ። ይህን ልብ እንበል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሕክምናውስ? የውጭ ሐኪሞች ነበሯቸው፤ አንዱ የጓዴሎፕ ተወላጁ ዶክተር ቪታሊየን ነው። ጸበልም ፍለጋ ደብረ ሊባኖስ ሄደዋል። ግን በዚያ ዘመን የደም ግፊትን የሚቀንስ አስተማማኝ መድኃኒት ገና አልተሠራም። የሚገርመው፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን የግፊት መለኪያ ሪቫ ሮቺ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ልክ በዓድዋው ዓመት። መድኃኒቱ ግን ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም ትልቁ ስትሮክ መጣ። ምኒልክ ሽባ ሆኑ፤ መናገርም አቃታቸው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል በሕይወት ነበሩ፤ አገሩን ግን ሌሎች ሰዎች በስማቸው ይመሩ ነበር። መርዝ ተሰጥቷቸዋል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ሞተዋል የሚልም ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም መኳንንቱ እቴጌ ጣይቱን ከሥልጣን አገለሉ፤ የቀራቸው ሥራ ባላቸውን ማስታመም ነበር። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ሞቱ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም በ69 ዓመታቸው ሲያርፉ ሞታቸው ተደበቀ፤ ሕዝብ በአዋጅ አልተነገረውም።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። አያት ስም ሲጠፋባቸው ምን እንላለን? አረጁ፣ ጃጁ። ወይ ደግሞ ሰው ነው የሠራባቸው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እናስገባቸዋለን። ቤተ መንግሥቱ ያደረገውን ነው የምናደርገው፦ ወሬ፣ ጥርጣሬ፣ መደበቅ።

የሕክምናው ዓለም ይህን መጃጀት ዲሜንሺያ ይለዋል፤ በአማርኛ የመርሳት በሽታ የሚባለው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ችግር ነበረባቸው። ከነዚህ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚያመጣው አልዛይመር ነው። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነው፤ አንዲት የታመመች ሴት አንጎል ውስጥ ያየውን ለባልደረቦቹ ያቀረበው በ1899 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ፣ ምኒልክ መታመም በጀመሩበት ሰሞን ነው። አልዛይመር ቀስ ብሎ ይመጣል። እንደ ምኒልክ በስትሮክ የሚመጣው የደም ሥር ዲሜንሺያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊደረቡም ይችላሉ።

ያለ መልስ የቀረ ነገር አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እንዳሉት፣ 14 ነገሮች ላይ ከተሠራ እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ከነሱ ውስጥ፦

- የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል
- ሲጋራና ብዙ አልኮል
- ያልታከመ የጆሮና የዓይን ድካም
- እንቅስቃሴ ማጣት፣ ድብርት፣ ብቸኝነት
- የጭንቅላት ምት (ሞተር ሳይክል ላይ ሄልሜት የሚደረገው ለዚህም ነው)
- በልጅነት ትምህርት አለማግኘት

ግፊትን መጀመሪያ የጻፍነው በምክንያት ነው። ምልክት ሳይሰጥ ዓመታት ይቆያል፣ ሁለቱንም ዓይነት ዲሜንሺያ ያባብሳል፣ ደግሞ በርካሽ ይታከማል። መቐለ ላይ ይህ ተራ ምክር አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት የግፊትና የስኳር መድኃኒት ከከተማው ጠፍቶ ነበር፤ የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ይህን ደጋግመው ተናግረዋል። ያኔ አቋርጠው፣ አላመመኝም ብለው ሳይመለሱበት የቀሩ እናትና አባት ቤታችን ካሉ፣ ጤና ጣቢያ ወስደን እናስለካቸው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። መድኃኒቱ ደግሞ ደህና ሲሆኑ የሚተው አይደለም።

ፊት በአንድ በኩል ከተንጋደደ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ስትሮክ ነው ብለን ወዲያው ሆስፒታል እንሩጥ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ይተኛና ነገ እናያለን አይባልም። ጸበሉንም ከሐኪሙ ጋር ማስኬድ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

አልዛይመር ከጀመረ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለም። ዶኔፔዚልና ሜማንቲን የሚባሉት ምልክቱን ለጊዜው ያቀላሉ። በቅርብ ዓመታት የወጡት እንደ ሌካኔማብ ያሉት መጀመሪያ ላይ ያለን ሰው ሕመም ትንሽ ያዘገያሉ፤ ውድ ናቸው፣ ጥብቅ ክትትልም ይፈልጋሉ። ስለዚህ በቲክቶክ በሳምንት ያድናል የተባለ ቅጠልም ሆነ ዱቄት ስናይ እንለፈው።

ስልካችን ግን ይጠቅማል። የመድኃኒት ሰዓት አላርም እንሙላላቸው። ድምፃቸውን፣ የዘመድ ስም አጠራራቸውን፣ ታሪካቸውን እንቅረጽ። ሁሌም አንድ ጥያቄ ከደጋገሙ አንቆጣ፤ እሳቸው አዲስ ነው የሚጠይቁት። ቡና ሲፈላ ከጓዳ አውጥተን መሃላችን እናስቀምጣቸው።

ምኒልክ ማሰብ እየቻሉ ያደረጉትን አስታወሳችሁ? ወራሻቸውን ተናገሩ፣ ሹመቱን አከፋፈሉ። መርሳት የጀመረ አባትም ቤቱን፣ መሬቱን፣ ፈቃዱን በተመለከተ የሚፈልገውን ራሱ መናገር የሚችለው ዛሬ ነው። ምኒልክ በዘመናቸው ሊያገኙት ያልቻሉት የግፊት ክኒን ደግሞ አሁን በየፋርማሲው አለ። ይህን ያነበበ ሰው በዚህ ሳምንት የአንድ ሰው ግፊት ያስለካ።