ዣክ ዦዜፍ ግራንሼ፤ የሕፃናት ሐኪም

ልጁ በተላላፊ በሽታ ተይዞ በሆስፒታል ለብቻው የተኛበት ወላጅ ከክፍሉ በር ሲደርስ አስቀድሞ የሚሰጠው ነገር ልብስ ነው። እጁን ይታጠባል፤ ጋዋን ይደርባል፤ እንደ በሽታው ዓይነትም ጓንት ያጠልቃል፣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል። ሕፃኑም እናቱን የሚያውቃት በዓይኗና በድምፅዋ ብቻ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለብዙ ወላጅ እናትንና ልጅን የሚለያይ ግድግዳ መስሎ ይታየዋል። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር ነገሩን በተቃራኒው አገኘነው፤ ጋዋኑ በግድግዳ ፈንታ የመጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ቀዳሚ ከሆኑት ሰዎች አንዱ የሆነውን የፈረንሳዊውን ሐኪም የዣክ ዦዜፍ ግራንሼን ሕይወት በአጭሩ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ግራንሼ በ1843 ዓ.ም. በመካከለኛው ፈረንሳይ ፌልታን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሕክምናን በፓሪስ ተማረ። በ1873 ዓ.ም. ለዶክተርነት ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ፣ በሳንባ ላይ በልዩ ልዩ መልክ የሚታየው የነቀርሳ በሽታ በመሠረቱ አንድ መሆኑን ተከራከረ። ይህም ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ተሕዋስያን በ1882 ዓ.ም. ከማስታወቁ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ነው። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ አንፋን ማላድ በሚባለው በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል የሕፃናት በሽታ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አንዲት እናት በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅዋን፣ ዦዜፍ ማይስተርን፣ ይዛ ከአልዛስ ወደ ሉዊ ፓስተር ዘንድ መጣች። ፓስተር የኬሚስትሪ ሊቅ እንጂ ሐኪም ስላልነበረ፣ በሰው ላይ መርፌ የመውጋት ሥልጣን አልነበረውም። መርፌውን የወጋው ግራንሼ ነው። በሰው ላይ ገና በቅጡ ያልተፈተነ መድኃኒት ነበርና፣ ልጁ ቢሞት ኖሮ ጣት የሚቀሰረው በፓስተር ላይ ብቻ ሳይሆን በእርሱም ላይ ነበር። ልጁ ግን ዳነ። በ1887 ዓ.ም. የፓስተር ተቃዋሚዎች በሕክምና አካዳሚው በተነሡ ጊዜ፣ ለዚሁ ሥራ ቆሞ የተከራከረ ግራንሼ ነበር።

ከፓስተር የቀሰመውን ትምህርት ወደ ሆስፒታሉ ይዞት ገባ። በዚያ ዘመን በሕፃናት ሆስፒታል በአንድ በሽታ የገባ ልጅ፣ እዚያው ሳለ ኩፍኝ ወይም ዲፍቴሪያ ይዞት መሞቱ የተለመደ ነገር ነበር። ብዙዎች ጥፋቱን በአየሩ ላይ ያደርጉ ነበር። ግራንሼ ግን ዓይኑን ወደ ሰው እጅ፣ ወደ ልብስና ወደ ዕቃ መለሰ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ተላላፊ በሽታ ባለበት ልጅ አልጋ ዙሪያ የሽቦ መከለያ አቆመ። ሽቦው ቀዳዳ ስለሆነ አየር አያግድም፤ ሥራው ሰውን ማሳሰብ ነበር። ከመከለያው የሚገባ ሁሉ ጋዋን ይለብሳል፤ ሲወጣም አውልቆ እጁን በተሕዋስያን ማጥፊያ ይታጠባል። ልጁ የበላበት ዕቃም ይቀቀላል። ሕፃኑ ግን ከአዳራሹ አልወጣም፤ በሽቦው መካከል ሰው ያያል፣ ሰውም ያየዋል። በእኛ አስተያየት የዚህ ሰው ትልቁ ሐሳብ ይህ ነው፤ በሽታን ለማገድ ሰውን ማባረር ሳይሆን ሰውን ማልበስና ማስታጠብ።

ይሁን እንጂ ዘዴው ለሁሉ አልበቃም። የዲፍቴሪያ መተላለፍ ሲቀንስ ኩፍኝ ግን ሽቦውን እያለፈ ልጆችን ይይዝ ነበር። ምክንያቱ ዛሬ ታውቋል። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል በአየር ላይ ይቆያል፤ ሽፍታው ከመታየቱ አራት ቀን ያህል አስቀድሞም ይተላለፋል። እንዲህ ላለው በሽታ የተዘጋ ክፍልና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የመተንፈሻ ጭንብል ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በፊት ክትባት። የወላጁም ትጥቅ እንደ በሽታው መለያየቱ ስለዚህ ነው።

ግራንሼ በመጨረሻ የሠራው ሥራ ግን ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። በ1903 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ ከገባባቸው ቤቶች ገና ያልታመሙትን ልጆች እያወጣ፣ በገጠር ጤነኛ ቤተሰብ ዘንድ የሚያሳድግ ማኅበር አቋቋመ። የቢሲጂ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን የተሰጠው በ1921 ዓ.ም. ነው፤ ስትሬፕቶማይሲንም የተገኘው በ1940ዎቹ ነው። ቀንና ሌሊት ከልጅዋ ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ለምትኖር በሽተኛ እናት የሚበቃ ጋዋን አልነበረም። ልጆቹ ከበሽታው ራቁ፤ የዳኑበት ዋጋ ግን የእናት ናፍቆት ነበር። እኛ በዚህ አንፈርድበትም፤ ዋጋው መከፈሉን ግን መርሳት አይገባንም። ግራንሼ በ1907 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ።

ከእርሱ በኋላም ብዙ ሆስፒታሎች በሽታ ይገባል እያሉ ወላጆችን ከበር ሲመልሱ ለብዙ ዘመን ቆዩ። በእንግሊዝ አገር መንግሥት ያቆመው ኮሚቴ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ገደብ እንዲጠይቁ የመከረው በ1959 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ሐኪምና አስታማሚ የምትሆኑ፣ ለወላጅ ጋዋን ስትሰጡ ምክንያቱንም አብራችሁ ስጡ። አፏን ከመሸፈኗ በፊት እናቲቱ በመስተዋቱ በኩል ፊቷን ለልጅዋ ታሳየው። ወላጅም ሲወጣ ጓንቱንና ጋዋኑን በክፍሉ ውስጥ ያውልቅ፤ የመተንፈሻ ጭንብሉን ግን ከወጣና በሩን ከዘጋ በኋላ ያውልቅ፤ እጁንም ይታጠብ። ይህን ያደረገ ወላጅ በማግሥቱ ወደ ልጁ ለመመለስ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ልጁም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።