አክሊሉ ለማ፦ የእንዶድን አረፋ ለዓለም ያሳዩት ሊቅ

በወለቃም ሆነ በሌላው የጎንደር ደጋ እንዶድን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ቁጥቋጦው ከአጥር ጥግ ይበቅላል፤ ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፤ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ አረፋው ይትረፈረፋል። ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የጥምቀት ነጠላና የፋሲካ ኩታ የሚነጣው በእርሱ ነበር። እናቶች ለዘመናት በእጃቸው ያሹትን ይህን ፍሬ ከወንዝ ዳር አንሥተው ወደ ዓለም የሳይንስ አደባባይ ያደረሱት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ተወለዱ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቅቀው በ1964 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ፣ ትኩረታቸውን የሳበው ቢልሃርዝያ ነበር።

ቢልሃርዝያ ከውኃ ጋር የሚመጣ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከታመመ ሰው በሽንት ወይም በዓይነ ምድር ወጥቶ ወደ ውኃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ነፍስ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ገብቶ ይራባል። ከዚያ ሲወጣ ውኃ ለመቅዳት፣ ለመታጠብ ወይም መስኖ ለማጠጣት የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ያልፋል። በሽታው ውሎ አድሮ ጉበትን፣ አንጀትንና ፊኛን ይጎዳል፤ ሕፃናትን ያቀጭጫል፤ ገበሬውንም ጉልበት ያሳጣዋል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 በዓድዋ የወንዝ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ተገኙ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ጠይቀው የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ ጨመሩት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ብዙዎች በየቀኑ አይተው ያለፉትን ነገር ቆም ብለው የጠየቁት እርሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። የኬሚስትሪ ባለሙያዎችም የፍሬውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። አረፋ የሚሰጠውና ቀንድ አውጣን የሚገድለው ሳፖኒን የተባለው የንጥረ ነገር ዓይነት መሆኑ ታወቀ፤ ከእነዚህም አንዱ በአግኚው ስም ለማቶክሲን ተባለ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አወዳደሩ፤ ቁጥር 44 የተባለውንም ብርቱ ዝርያ መረጡ።

ትልቁ ፈተና የተካሄደው በዚያው በዓድዋ ነበር። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ በጅረቶች ላይ ተደረገ። በአምስት ዓመት ውስጥ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ። በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 አሽቆለቆለ። ይህ የተገኘው ከውጭ በውድ ዋጋ በሚገዛ ኬሚካል ሳይሆን ገበሬው ከጓሮው ሊያበቅለው በሚችል ተክል ነው።

የሆነ ሆኖ ውጤቱ ዓለምን ቶሎ አላሳመነም። ዓለም አቀፍ የጤና ባለሙያዎች በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተሠራውን ጥናት ለመቀበል አመነቱ። እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ የማይጎዳ መሆኑ በበለጸጉት ሀገራት መመዘኛ እንዲረጋገጥ ተጠየቀ፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ገንዘብና መሣሪያ ግን በድኻው ሀገር እጅ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ተስፋ አልቆረጡም። በ1983 በዛምቢያ ሉሳካ በእንዶድ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ፤ በኋላም በካናዳ ድጋፍ የደኅንነት ምርመራው ተሠራ። እርሳቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በኃላፊነት ሲያገለግሉም የእንዶድን ጉዳይ ችላ አላሉትም።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በማግሥቱ ዓመት እንዶድ በአሜሪካ ሌላ ጥቅም ተገኘለት። በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ያስቸገረውን ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል በኦሃዮ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ ታየ። ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብት ሲያስመዘግብበት ግን ከባድ ጥያቄ ተነሣ፤ ዕውቀቱን ጠብቀው ላቆዩት ለኢትዮጵያ እናቶችና ገበሬዎች ድርሻቸው ምንድን ነው? ጥያቄው ዛሬም ለሌሎች ዕፅዋቶቻችን የሚነሣ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ተቋም በስማቸው ይጠራል። ቢልሃርዝያ ግን አልጠፋም፤ ከወለቃ ቁልቁል በደንቢያና በጎርጎራ አቅጣጫ፣ በጣና ዙሪያ ዛሬም ሕፃናትን ያጠቃል። ዛሬ ፈዋሽ ክኒን አለ፤ ነገር ግን የዳነ ሕፃን ተመልሶ ወደ ተበከለ ውኃ ከገባ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ንጹሕ ውኃ መቅዳትና ልጆችን ማስመርመር አሁንም ግድ ነው። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ወንዝና ሐይቅ ሊጨመር አይገባም።

የዶክተር አክሊሉ ሕይወት የሚያስተምረው የተማረ ሰው የእናቱን ዕውቀት ሳይንቅ ሲጠይቅ፣ ከአጥር ጥግ የበቀለ ቁጥቋጦም የሕዝብ መድኅን ሊሆን እንደሚችል ነው።