የአንድ ሐሳብ ምንጭ፤ የኤሚ ኔተር ታሪክ

አንድን የታተመ ሐሳብ ስታነቡ፣ ያመነጨው ስሙ በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው ሰው ብቻ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ካቴጎሪ ቴዎሪ የሚባለውን የሒሳብ ክፍል እንውሰድ። ይህን ክፍል በ1945 ባሳተሙት ጽሑፍ የመሠረቱት ሳሙኤል አይለንበርግና ሶንደርስ ማክሌን ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋና ሐሳቡም አንድን ነገር ለብቻው ከመመርመር ይልቅ፣ ከሌሎች ጋር የሚያያዝበትን መንገድ መመርመር ነው። የዚህን ሐሳብ ፈለግ ይዛችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ፣ በጀርመን አገር በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረች አንዲት ሴት ታገኛላችሁ።

ኤሚ ኔተር በ1882 በኤርላንገን ከተማ ተወለደች። አባቷ ማክስ ኔተር የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ነበር። በ1907 የዶክተርነት ማዕርግ ብታገኝም፣ በዚያው ከተማ እስከ 1915 ድረስ ያለ ደመወዝ አስተማረች። በዚያ ዓመት ዴቪድ ሂልበርትና ፌሊክስ ክላይን ወደ ጌቲንገን ጠሯት። ይሁን እንጂ ደንቡ ሴትን በመምህርነት ስለማይቀበል፣ እስከ 1919 ድረስ ትምህርቷ ይሰጥ የነበረው በሂልበርት ስም ነበር። የራስን ዕውቀት በሌላ ሰው ስም ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው ፍረዱ።

በዚያን ዘመን የቅርጾችን ጠባይ የሚያጠኑ ሊቃውንት የአንድን ቅርጽ ቀዳዳዎች በቁጥር ይገልጹ ነበር። ለምሳሌ ቀለበት አንድ ቀዳዳ አለው። ኔተር ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን፣ ግሩፕ የሚባለውን የመደመር ሥርዓት መያዝ እንደሚሻል አስረዳች። ጥቅሙም ይህ ነው፤ አንዱን ቅርጽ ሳንቆራርጥ ወደ ሌላው ብንወስደው፣ የአንደኛው ግሩፕም ወደ ሁለተኛው ግሩፕ አብሮ ይሄዳል። ባዶ ቁጥር ስለዚህ ጉዞ አይነግረንም። አይለንበርግና ማክሌን ኋላ ፈንክተር ብለው የሰየሙት ይህን የመሰለውን አካሄድ ነው።

ኔተር ስለዚህ ጉዳይ በ1926 ያሳተመችው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ነበር። ሐሳቡን ያስፋፉት በጌቲንገን ያዳመጧት ፓቬል አሌክሳንድሮቭና ሃይንዝ ሆፕፍ ናቸው። ሆፕፍም በ1928 ባወጣው ጽሑፍ የእርሷን ድርሻ ሳይደብቅ ገለጠ። በእርግጥ ኦስትሪያዊው ሊዮፖልድ ቪየቶሪስ በ1927 ተመሳሳይ ነገር አሳትሞ ስለ ነበር፣ ምንጩ አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ወጣቱ አሜሪካዊ ማክሌን ግን በ1931 ለትምህርት ጌቲንገን በደረሰ ጊዜ ካዳመጣቸው መምህራን አንዷ ኔተር ነበረች።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ ኔተር አይሁዳዊት በመሆኗ ከሥራዋ ተባረረች። ወደ አሜሪካ ተሻግራም በፔንሲልቬንያ በሚገኘው በብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ አስተማረች። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1935 በ53 ዓመቷ ዐረፈች። የአስከሬኗም አመድ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ቅጥር ውስጥ ተቀበረ። የአይለንበርግና የማክሌን ጽሑፍ የታተመው ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ ነው።