የበረሃው አንበሳ፤ ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም

በሸዋ በር በኩል ወደ ትምህርት ቤት የምንመላለስ ተማሪዎች፥ ከተማችን ሐረር የሦስተኛው ክፍለ ጦር መቀመጫ እንደ ነበረች ከአባቶቻችን ሰምተናል። ከአዛዦቹ ሁሉ ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው ጄኔራል አማን ናቸው።

ከኤርትራ ተወላጆች በካርቱም ተወለዱ። በ1956 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን ወሰን አደጋ ሲጥል ክፍለ ጦራቸውን መርተው መለሱት፤ ሕዝቡም የበረሃው አንበሳ አላቸው። ወሰኑን ተሻግረው ለማሳደድ ቢፈልጉም ንጉሠ ነገሥቱ አልፈቀዱም ይባላል። የተኩስ ማቆሙ ስምምነት የተደረገው ደግሞ በትውልድ ከተማቸው በካርቱም መሆኑ ያስገርመናል። ጥቂት ቆይቶ ከጦሩ ተነሥተው ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተዛወሩ፤ ለአንድ የጦር ሰው ይህ ሹመት ነው ለማለት እኛ እንቸገራለን።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ መልሶ ጠራቸው። ኤታማዦር ሹም፥ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ የደርጉ ሊቀ መንበር ተባሉ። ነገር ግን የኤርትራ ጉዳይ በሰላም እንዲያልቅ፥ የታሠሩትም ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ እንዳይገደሉ ስለ ፈለጉ ከጓዶቻቸው ጋር አልተስማሙም። ሥልጣናቸውን ትተው አዲስ አበባ ቤታቸው ተቀመጡ። ኅዳር 14 ቀን ሊይዟቸው ከመጡት ወታደሮች ጋር፥ እጃቸውን ሳይሰጡ፥ ተታኩሰው ሞቱ። በዚያው ሌሊት ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ተረሸኑ።