ሥራ ያጣው አርክቴክት፣ ሥራ ያገኙት ሕንፃዎቹ

ባለፈው ዓመት በዲዛይን ስቱዲዮ የተሰጠን ፕሮጀክት፣ ፒያሳ ያለ አንድ አሮጌ የንግድ ቤት ወደ ዘመናዊ ቢሮ መለወጥ ነበር። እኔ ሆዬ ብዙም ሳልጨነቅ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በሙሉ ወረቀት ላይ አፈረስኩትና ከኋላው ጂ ፕላስ 8 የመስታወት ሕንፃ አቆምኩ። ጁሪ ላይ ለምን እንዳፈረስኩት ስጠየቅ፣ የሕንፃ ቅርጽ አገልግሎቱን ይከተላል፤ አገልግሎቱ ከተለወጠ ቅርጹም ይለወጣል ብዬ ደረቴን ነፍቼ መለስኩ። መምህራችንም ይህን ሐሳብ ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ፣ የእሱ የራሱ ሕንፃዎችስ በኋላ ምን እንደደረሰባቸው አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስሙንስ አውቀዋለሁ፤ ሉዊስ ሱሊቫን ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ያንን መልስ ፍለጋ ሄጄ ስላገኘሁት ሰው ነው። ስለ ፒያሳ ከምጠቅሰው በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊስ ሄንሪ ሱሊቫን ሴፕቴምበር 3 ቀን 1856 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከአየርላንድ የመጣ የዳንስ አስተማሪ፣ እናቱ ደግሞ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነበረች። ብዙውን የልጅነት ጊዜ ያሳለፈው ከከተማ ወጣ ባለው የአያቶቹ እርሻ ላይ ነው። በኋላ ሕንፃዎቹ ላይ ያሳረፋቸው ጌጦች ቅጠልና ግንድ ሆነው እርስ በርስ እየተጠላለፉ መሄዳቸው ያለ ነገር አይደለም። እኔ ፎቶግራፋቸውን መጀመሪያ ሳይ ትዝ ያለኝ በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ላይ የሚሣለው ሐረግ ነው።

ስለ ትምህርቱ ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ለምን ቢባል ሱሊቫን ሁለት ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ገብቶ ከሁለቱም ሳይመረቅ የወጣ ሰው ነው። በ16 ዓመቱ ኤም አይ ቲ ገባ፤ አንድ ዓመት ተምሮ ተወው። ከዚያ ፊላዴልፊያ ሄዶ በፍራንክ ፈርነስ ቢሮ ተቀጠረ። በ1873 የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ከሥራ ተቀነሰና ወላጆቹ ወደሚኖሩበት ወደ ቺካጎ ተጓዘ። ቺካጎ በ1871 በታላቅ ቃጠሎ መሐል ከተማዋ የወደመባትና እንደ አዲስ እየተሠራች ያለች ከተማ ነበረች። ለአርክቴክት ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል! በዊሊያም ለ ባሮን ጄኒ ቢሮ ጥቂት ከሠራ በኋላ በ1874 ፓሪስ ሄዶ ኤኮል ዴ ቦዛር ገባ። እዚያም ብዙ ሳይቆይ በ1875 ተመለሰ።

ሕይወቱን የለወጠው ግን ከዳንክማር አድለር ጋር መገናኘቱ ነው። አድለር ጀርመን አገር የተወለደ፣ ከሱሊቫን 12 ዓመት የሚበልጥ፣ በምህንድስናና በድምፅ አያያዝ ዕውቀቱ የተከበረ ሰው ነበር። በ1883 አድለርና ሱሊቫን በሚል ስም ሽርክና መሠረቱ። አድለር ስትራክቸሩንና ደንበኛውን ይይዛል፤ ሱሊቫን ደግሞ ቅርጹንና ጌጡን። በ1889 ያጠናቀቁት የቺካጎው ኦዲቶሪየም ከ4,000 በላይ መቀመጫ ያለው ቲያትር፣ ሆቴልና ቢሮ በአንድ ላይ የያዘ ነበር። የራሳቸውንም ቢሮ እዚያው ማማው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቢሮ ረዳቶች አንዱ ፍራንክ ሎይድ ራይት የሚባል ወጣት ነበር፤ በኋላ ዓለም ሁሉ ያወቀው እሱው ራሱ።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን የዘመኑን ቴክኒክ እንይ። ቀደም ሲል ረጅም ሕንፃ የሚቆመው በግድግዳው ጉልበት ነበር። እዚያው ቺካጎ በ1891 ያለቀው 16 ፎቁ ሞናድኖክ ከታች ያለው የግድግዳው ውፍረት 1.8 ሜትር ገደማ ነው። የብረት ፍሬምና አሳንሰር ሲመጡ ይህ ሁሉ ተለወጠ፤ ሸክሙን ብረቱ ሲሸከም ግድግዳው እንደ ልብስ ሆነ። ታዲያ ብዙዎቹ አርክቴክቶች ይህን አዲስ ነገር በምን እንደሚያለብሱት ግራ ገብቷቸው፣ አንዱን የግሪክ ቤተ መቅደስ በሌላው ላይ እንደሚደራርቡ ያህል ይሠሩት ነበር።

ሱሊቫን በ1891 ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለቀውን ዌይንራይት ሕንፃ ሲሠራ ሌላ መንገድ ያዘ። ሕንፃው አሥር ፎቅ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጂ ፕላስ 9። ታች ያሉት ሁለቱ ፎቆች ሰፋፊ መስኮት ያላቸው፣ ለሱቅና ለእንግዳ የተከፈቱ ናቸው። ከነሱ በላይ ያሉት የቢሮ ፎቆች ግን ሥራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ መልካቸውም አንድ ዓይነት ነው። ጫፉ ላይ ታንከሩና ማሽኑ የሚቀመጥበት ፎቅ በጌጥ ተሸፍኗል። ቀይ የጡብ ዓምዶቹ ሳይቋረጡ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ዓይን አብሯቸው ይወጣል። ፕላኑ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ዩ ፊደል የመሰለ ነው፤ ለምን ቢሉ እያንዳንዱ ክፍል የቀን ብርሃን እንዲያገኝ። አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ፤ ከዓምዶቹ ግማሾቹ ውስጣቸው ብረት የለም! አንዱ ብረት ሲይዝ ቀጥሎ ያለው ለመልክ ብቻ የቆመ ነው። ቅርጽ አገልግሎትን ይከተላል ያለው ሰው እንኳ የሚያምረውን ነገር ሙሉ በሙሉ ለብረቱ አልተወውም ማለት ነው።

በ1896 ደግሞ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ 13 ፎቁ ጋራንቲ ሕንፃ ተጠናቀቀ። ይህኛው ከላይ እስከ ታች ጌጥ በተቀረጸበት ቴራኮታ የተሸፈነ ነው። ያ እኔ ጁሪ ላይ የጠቀስኩት ሐሳብም በዚያው ዓመት ስለ ረጅም የቢሮ ሕንፃዎች ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ምን ዋጋ አለው፣ ጋራንቲ ሲያልቅ የሱሊቫን መልካም ዘመንም አብሮ አልቆ ነበር። በ1893 እንደገና የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ ሥራ ጠፋ። በ1895 አድለር ሽርክናውን ትቶ አሳንሰር የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሊመለስ ቢፈልግ ሱሊቫን አልተቀበለውም። አድለር በ1900 ሞተ። ደንበኛ የማባበል ጸባይ ያልነበረው ሱሊቫን ከዚያ በኋላ ያገኘው ትልቅ ሥራ የሽሌሲንገርና ሜየር መደብር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በትናንሽ ከተሞች የሠራቸው ባንኮችም አሉ፤ በ1908 በኦዋቶና ያለቀውን የመሰለ ውበት ያላቸው፣ ግን ኑሮ የማይደጉሙ። በ1909 መጻሕፍቱንና የቤት ዕቃውን በጨረታ ሸጠ፤ ሚስቱም በዚያው ዓመት ተለየችው። በ1918 ኦዲቶሪየም ማማ ላይ የነበረውን ቢሮ ለቀቀ፤ ራሱ በሠራው ሕንፃ ውስጥ ኪራይ መክፈል አቃተው።

የመጨረሻ ዘመኑን በአንዲት የሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ራይትን ጨምሮ ወዳጆቹ በሚሰጡት ገንዘብ ኖረ። አንድ ክበብ የጽሕፈት ጠረጴዛ ሰጥቶት የሕይወት ታሪኩን እዚያ ሆኖ ጻፈ። መጽሐፉ ውስጥ ራሱን እኔ እያለ ሳይሆን እንደ ሌላ ሰው ሉዊስ እያለ ነው የሚተርከው፤ ትረካውም 1893 አካባቢ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን መከራ አላነሳውም። መጽሐፉ ታትሞ እጁ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1924 አረፈ። መቃብሩ ላይ ሐውልት የቆመለት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያውን የሸለመው ደግሞ በ1944 ነው፤ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ።

አሁን ወደ መምህራችን ሁለተኛ ጥያቄ ልምጣ። ሕንፃዎቹ ምን ደረሰባቸው?

አንዳንዶቹ አልተረፉም። በ1894 ያለቀው የቺካጎ የአክሲዮን ገበያ ሕንፃ፣ ብዙዎች እንዳይፈርስ ቢታገሉለትም በ1972 ፈረሰ፤ በምትኩ ከ40 ፎቅ በላይ የሆነ የቢሮ ሕንፃ ቆመ። ሪቻርድ ኒክል የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ጌጦቹን ለማትረፍ እየፈረሰ ባለው ሕንፃ ውስጥ ሲመላለስ ወለሉ ተደርምሶበት ሞተ። ቀኑ ኤፕሪል 13 ነበር፤ ሱሊቫን የሞተበት 48ኛ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው። የግብይት አዳራሹ በኋላ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ተመልሶ ተገጣጠመ፤ የመግቢያው ቅስትም ውጭ ቆሟል። ግን ሙዚየም ውስጥ ያለ አዳራሽ ሥራ የለውም፤ ሰው ይጎበኘዋል እንጂ አይሠራበትም።

ዌይንራይት ከዚህ ዕጣ ያመለጠው ለጥቂት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ሲል ብሔራዊ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ቀብድ በሚመስል ውል ያዘው፤ በ1974 ደግሞ የሚዙሪ ግዛት መንግሥት ለቢሮነት ሊገዛው ወሰነ። በዚያው ብሎክ ላይ ዝቅ ያሉ አዳዲስ ሕንፃዎች ተጨምረውለት፣ ውስጡም ለዘመኑ ቢሮ እንዲመች ተስተካክሎ በ1981 ሠራተኞች ገቡበት። ጋራንቲም በ1970ዎቹ ተጎሳቁሎ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። የከተማው ሰዎችና ሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ተረባርበው በ1980ዎቹ መጀመሪያ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ታደሰ። በ2002 የገዛው የጠበቆች ድርጅት እንደገና አሳድሶ ቢሮው አደረገው። የሽሌሲንገርና ሜየር መደብርም እ.ኤ.አ. በ2007 መደብርነቱ ካበቃ በኋላ የላይኛው ፎቆቹ ቢሮ ሆኑ፤ ስሙም የሱሊቫን ማዕከል ተባለ።

ለምን እነዚህ ሊለወጡ ቻሉ? እኔ እንደገባኝ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ቴክኒካዊ ነው። ሸክሙ በፍሬሙ ላይ ስለሆነ የውስጥ ክፍልፋይ ግድግዳ ቢነሳ ሕንፃው አይነካም፤ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የአየር ማስተላለፊያና የእሳት አደጋ መውጫ ሊገባበት ይችላል። መስኮቱና የፕላኑ ቅርጽ የሚሰጡት ብርሃን ደግሞ በ1896 ለጸሐፊ እንደጠቀመው ዛሬም ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠው ይጠቅማል። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1976 ታሪካዊ ሕንፃ ለሚያድስ ባለንብረት የግብር ማበረታቻ ጀመረ፤ በ1981 ከእድሳት ወጪው 25 በመቶ ያህሉን ከግብር የሚያስቀንስ ሆነ፤ ከ1986 ወዲህ ደግሞ 20 በመቶ ነው። በፍቅር ብቻ የዳነ ሕንፃ የለም፤ ወጪውን የሚጋራና ገብቶ የሚሠራበት ሰው ተገኝቶ ነው።

እንግዲህ እኔ ጁሪ ላይ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አገልግሎት ማለት ተከራዩ መስሎኝ ነበር። ሱሊቫን ግን ቅርጹን ያስከተለው የሰው ልጅ ተቀምጦ የሚሠራበትን ብርሃን፣ አየርና መግቢያ ነው። ተከራይ ሲለወጥ ይህ አይለወጥም።

ቤቱን ደግሜ ልለካ ፒያሳ ሄድኩ። እንደ ጋራንቲ ፍሬም ያለው አይደለም፤ ድንጋይ ግድግዳው ራሱ ነው ተሸካሚው፣ ወለሉ እንጨት ነው። ስለዚህ የቡፋሎውን መፍትሔ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። በሁለተኛው ዲዛይኔ ግድግዳዎቹንና ግቢውን አቆየሁ፤ ወለሉን አጠናከርኩ፤ ከኋላ ጂ ፕላስ 2 ብቻ ጨመርኩ። የሚከራየው ስፋት ከመጀመሪያው በግማሽ አነሰ። መምህራችን ዲዛይኑን ወደዱት፤ ነገር ግን ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል ጠየቁኝ። አሁንም መልስ የለኝም።

ጥያቄው ግን የሚያድር አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ሁላችንም አይተናል። የቆሙት ላይ ደግሞ ነገ ዲዛይን የምንሠራው እኛው ነን። ስለዚህ የዘንድሮ የስቱዲዮ ተማሪዎች፣ እርሳሱን ከማንሳታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ቤቱን ለኩት፤ በጠዋት ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባም እዩ። ቸር እንሰንብት።