ዐፄ ካሌብ እና ከአፈር የወጡ ሳንቲሞቻቸው

ከአክሱም ነገሥታት መካከል እንደ ዐፄ ካሌብ ስማቸው በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የሚነሣ ጥቂቶች ናቸው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ታስባቸዋለች፤ የግሪክና የሶርያ ጸሐፍት ዘመቻቸውን መዝግበዋል። በመካ መንሱር ወይም በጅዳ የሚኖር ሐበሻም ስለ አብርሃና ስለ ዝሆኑ ዓመት ሲያወጋ፣ ልብ ባይለውም የሚያነሣው ከካሌብ ዘመን የተመዘዘ ታሪክ ነው።

ካሌብ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነገሡ። የአባታቸው ስም ታዜና እንደ ነበር የሚነግሩን በስማቸው የተቀረጹ የወርቅ ሳንቲሞችና በአክሱም የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ናቸው። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ ነበር። የካሌብ አንድ የወርቅ ሳንቲም ክብደት ከአንድ ግራም ተኩል ብዙ አይርቅም። በላዩ ንጉሡ በሁለት የስንዴ ዛላዎች መካከል ይታያሉ። ጽሑፉ ግን ግሪክኛ ነው፤ ወርቁ ባሕር ተሻግሮ ለሚካሄድ ንግድ የታሰበ ነበርና።

ንጉሡ ለጥንት ቅርስ የነበራቸውን አክብሮት የሚያሳይ አንድ ታሪክ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ጽፎልናል። በዐፄ ዮስጢኖስ ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ፣ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት ሲዘጋጁ፣ ኮስማስ አዱሊስ ወደብ ነበር። በዚያ የግሪክኛ ጽሑፍ ያለባቸው አንድ ሐውልትና አንድ የድንጋይ ዙፋን ቆመው ነበር። ሐውልቱ የግብፁን ንጉሥ የሣልሳዊ በጥሊሞስን ድል፣ ዙፋኑ ደግሞ የአንድ ቀደምት የአክሱም ንጉሥን ዘመቻ ይናገራል። ካሌብ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ። ገዥው ሥራውን ለኮስማስና ለአንድ ባልንጀራው ሰጠ፤ ኮስማስም አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀረ። ዛሬ ሐውልቱም ዙፋኑም የሉም። ቃላቸው እኛ ዘንድ የደረሰው በቆሙበት ስለ ተነበቡና ስለ ተመዘገቡ ብቻ ነው።

ለጦርነቱ ምክንያት የሆነው የሒምየር ንጉሥ፣ ዓረቦች ዙ ኑዋስ የሚሉት ዩሱፍ፣ እ.ኤ.አ. በ523 በነጅራን ክርስቲያኖች ላይ የፈጸመው እልቂት ነው። የአማርኛ መጻሕፍት ናግራን የሚሏት ይህች ከተማ ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ትገኛለች። ብዙ የቁርኣን ተርጓሚዎችም የጉድጓዱ ባለቤቶች የተባሉትን ከዚሁ ድርጊት ጋር ያያይዟቸዋል። የነጅራን ሰማዕታት ገድል እንደሚለው፣ ካሌብ ራሳቸው ካሠሯቸው መርከቦች ሌላ ከቀይ ባሕር ወደቦችና ከፈረሳን ደሴቶች ጭምር የነጋዴ መርከቦችን ሰበሰቡ፤ ቁጥራቸውም 70 ያህል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ተሻግረው ድል ነሡ፤ ዙ ኑዋስም ጠፋ። ንጉሡ በየመን ሱምያፋ አሽዋ የተባለ የአገሩን ሰው አንግሠው፣ ከሠራዊታቸው ከፊሉን ትተው ተመለሱ።

ድሉ ግን ብዙ አልጸናም። በየመን ከቀረው ሠራዊት የተነሣው አብርሃ ሱምያፋን ገልብጦ ሥልጣኑን ያዘ። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚተርከው፣ ካሌብ 3,000 ወታደሮች ቢልኩ ጦሩ አዛዡን ገድሎ ለአብርሃ ገባ፤ ሁለተኛው ጦርም ተሸንፎ ተመለሰ። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ሌላ ጦር አልላኩም። የቁስጥንጥንያው ዮስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ መልእክተኛ ልኮ የሐር ንግዱን ከፋርስ እጅ እንዲያወጡለት ጠይቋቸው ነበር፤ የፋርስ ነጋዴዎች በሕንድ ወደቦች ቀድመው ሐሩን ይገዙ ስለ ነበር ውጥኑ አልሰመረም። በኢትዮጵያ ትውፊት ካሌብ በመጨረሻ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው፣ በአክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መንነው ዐረፉ።

ከመጻሕፍቱ ሌላ ለዚህ ሕይወት የሚመሰክረው ራሱ አፈሩ ነው። ከዔደን በስተ ምዕራብ፣ አል መዳሪባ በተባለ ስፍራ አንድ የወርቅ ክምችት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ጥናቱ ታተመ። ሳንቲሞቹ 1,194 ሲሆኑ 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮም ናቸው። የአክሱምና የሮም ወርቅ በአንድ ላይ፣ በዚያ ዳርቻ መገኘቱ ተመራማሪዎች ክምችቱን ከካሌብ ዘመቻ ዘመን ጋር እንዲያያይዙት አድርጓል። እነዚያ ሳንቲሞች ተበታትነው በየገበያው አንድ በአንድ ተሽጠው ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ ወርቅነቱን ባላጣ ነበር፤ ስለ ዘመቻው የሚሰጡት ምስክርነት ግን በጠፋ ነበር።

ነገሩ ዛሬም የሚመለከተን ለዚህ ነው። ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ አሮጌ ሳንቲም መፈለግ በብዙ አገሮች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኗል። መሣሪያው መግነጢሳዊ ኃይል ወደ ምድር ልኮ ብረት ሲያገኝ ይጮኻል። ሳንቲሙ ከየትኛው የአፈር ንብብር፣ ከምን ዕቃ ጋር እንደ ተቀበረ ግን አይነግርም። ይህን ማንበብ የሚችለው በጥንቃቄ የሚቆፍር ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ ሆክስን መንደር አንድ ሰው ለወዳጁ የጠፋ መዶሻ ሲፈልግ የሮማውያን ክምችት አገኘ፤ ጥቂቱን እንዳወጣ ሥራውን አቁሞ አስታወቀ። ባለሙያዎች ደርሰው ከ15,000 የሚበልጡ ሳንቲሞችን ከነአቀማመጣቸው አወጡ።

በኢትዮጵያም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም እንዲያስታውቅ ያዛል። በሳዑዲ ዓረቢያም ያለ ፈቃድ ጥንታዊ ቅርስ መቆፈር በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ በአክሱም ዙሪያ የሚያርስ ገበሬም ሆነ በዓረቢያ ምድር መሠረት የሚቆፍር ሠራተኛ አሮጌ ሳንቲም ቢያገኝ፣ ሳያጥብና ሳይፍቅ ቦታውን ጠብቆ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባዋል።

በአዱሊስ የቆመው ድንጋይ ጠፍቶ ቃሉ የቀረው፣ ንጉሡ በቆመበት እንዲነበብ ስላዘዙ ነው። የእርሳቸው ስም ያለበት ወርቅም ተመሳሳይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ያልተመዘገበ ሳንቲም በሚዛን ይሸጣል፣ የተመዘገበው ግን የንጉሡን ዘመን ይተርካል።