ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (1876 – 1969 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የአገር አስተዳዳሪ፣ ዲፕሎማትና ደራሲ ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት በማርቀቃቸው ነው።

የሕይወት ታሪክ

በሸዋ ሰያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ወደ አድዋ ዘመቱ፤ ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳደሩ። የሹማምንትን ብልሹነት በእንስሳት ተረት የሚተቸው «ፋቡላ» የተባለው ሥራቸው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው።

ሕገ መንግሥቱና ምርጫ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት፤ በአብዛኛው የተቀዳውም ከጃፓን ነው። ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ተደነገገ።

አንቀጹ የመምረጥ መብት የሕዝቡ መሆኑን አልካደም፤ ጊዜውን ግን አዘገየው። ሕዝቡ መብቃቱ በምን እንደሚታወቅና ማን እንደሚፈርድ አልወሰነም። ስለዚህ በወሎ ቦረና፣ በዛሬዋ መካነ ሰላም አካባቢ ያለ ገበሬ ግብር ቢከፍልም እንደራሴውን አይመርጥም፤ እንደራሴው ቢያጠፋም ተጠያቂው የመረጠው ሹም እንጂ ገበሬው አልነበረም።

ለጊዜው የተባለው ድንጋጌ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ወንድና ሴት ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ምርጫም በ1950 ዓ.ም. ተካሄደ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩውም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ የበላይ ሥልጣኑም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልወጣም። ያም ሆኖ እንደራሴውን የመለየት ኃላፊነት ከሹሙ ወደ መራጩ ተሻገረ።

ስደትና ዕረፍት

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟገቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር መውጣታቸውን ተቃውመው ራሳቸውም ተሰደዱ፤ ለብዙ ዓመታት በማዳጋስካር ኖሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ዕድሜያቸውን በሂርና በእርሻ አሳለፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ካረፉ በኋላ ነው። ደራሲው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ልጃቸው ናቸው።